ጣሪያውን ሳይከፍትልህ ገንዘብ እንዳታወጣ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳር ነኝ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ። ለሥራ የምነዳው ሌላ መኪና አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን ጣሪያው የሚከፈት መኪና ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል። አሁን 9,000 ዶላር ቆጥቤ ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንዷ የ2008 ቶዮታ ሶላራ ኮንቨርተብል ናት፤ 118,000 ማይል ሄዳለች፣ ከግለሰብ ነው፣ 7,200 ዶላር። ሌላዋ የ2011 ቢ ኤም ደብሊው 328 ናት፤ ጣሪያዋ ብረት ሆኖ የሚታጠፍ፣ 97,000 ማይል፣ ከአንድ ትንሽ ዲለር፣ 8,900 ዶላር። የሶላራዋ ባለቤት ‹ብርድ ስለሆነ አሁን ጣሪያውን አልከፍትም፣ ግን ይሠራል› አለኝ። ዲለሩ ደግሞ ‹አይከፈትም፣ ግን ፊውዝ ብቻ ነው› ይላል። ባለቤቴ ‹ፀጉሬን ለንፋስ ልትሰጥ ነው?› እያለች ትስቅብኛለች። ወንድሜ ‹ግዛት፣ ስትሰለችህ አዲስ አበባ ልከን እናተርፍባታለን› ባይ ነው። ምን ምን ልይ? የትኛዋ ትሻለኛለች?»
— ጣሪያ ያማረው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ጣሪያ ያማረህ ወንድሜ፣

የወንድምህን ጉዳይ መጀመሪያ ልጨርሰው። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2024) ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። የምታስገባው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ «ልከን እናተርፍባታለን» የሚባለውን ሒሳብ ዛሬውኑ ሰርዘው። እዚሁ ገዝተህ፣ እዚሁ ነድተህ፣ እዚሁ የምትሸጣት መኪና ናት የምትፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው። ማይሉን ጻፍክልኝ፣ ዋጋውን ጻፍክልኝ፣ ሁለቱንም መኪናዎች አየሁ አልከኝ። ጣሪያውን ግን አንዱንም አላየህም። ሁለቱም ሻጮች በወሬ ነው የሸኙህ። ሌላ መኪና ስትገዛ ሞተሩና ካምቢዮው ደህና ከሆኑ ግማሹን ጨረስክ ማለት ነው። ኮንቨርተብል ላይ ግን ሌላ ሙሉ ማሽን ተጭኖልሃል፤ ሞተር፣ የዘይት ፓምፕ፣ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ሴንሰር፣ ጨርቅ፣ ዙሪያውን የሚዞር ጎሚኒ። ይሄ ቢበላሽ መኪናዋ መሄዷን አታቆምም። ጥያቄው ታዲያ ለምን ገዛሃት ነው፤ የሥራ መኪና እንደሆነ አለህ።

የብርዱ ሰበብ ግማሹ እውነት ነው። የኋላ መስኮታቸው ፕላስቲክ የሆነ የድሮ ኮንቨርተብሎች አሉ፤ ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ያሉትን ማዝዳ ሚያታዎች ውሰድ። ፕላስቲክ በብርድ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የእንደዚህ ዓይነቷ ባለቤት በክረምት አልከፍትም ቢልህ ሰውየው መኪናውን ይንከባከባል ማለት ነው፣ ደስ ይበልህ። የሶላራዋ የኋላ መስኮት ግን መስታወት ነው። ጨርቁም ቢሆን ውርጭ በጠነከረበት ቀን ባይታጠፍ ይመረጣል፣ እሺ፣ ግን ይሄ ማለት እስከ ሜይ አይከፈትም ማለት አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ በፌብሩዋሪም ቢሆን 50 ፋራናይት የሚያልፍ ፀሐያማ ቀን አይጠፋም። ለሰውየው «የሚሞቅ ቀን ሲመጣ ደውልልኝ፣ ስትከፍተው አይቼ እገዛለሁ» በለው። እሺ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ካልወሰንክ» ማለት ከጀመረ ለሌላው ገዢ መልካም ዕድል ተመኝለትና ቁጥሩን አጥፋው።

የዲለሩ ፊውዝ ግን ያስቃል። ፊውዝ የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው። ጣሪያው የማይከፈት ኮንቨርተብል ደግሞ ዋጋው በብዙ ይወርዳል። መኪና ሽያጭ እንጀራው የሆነ ሰው በጥቂት ዶላር ይሄን ሁሉ ማትረፍ ሲችል ለምን ዝም አለ? ያየው ሰው ፊውዝ እንዳልሆነ ስለነገረው ነው። የዚያች ቢኤም ጣሪያ ሦስት ቦታ ተቆራርጦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ከኋላ ሻንጣ ቦታው ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሁሉ የሻንጣው ክዳን ወደ ኋላ መከፈት፣ መስኮቶቹ መውረድ፣ እያንዳንዱም ሴንሰር «ደርሻለሁ» ማለት አለበት። አንዱ ካልመለሰ ሁሉም ይቆማል። በክዳኑ ማጠፊያ በኩል የሚያልፉት ሽቦዎች በመታጠፍ ብዛት መበጠሳቸውም የታወቀ ነው። ችግሩን ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ የሰዓታት ሥራ ነው፣ የሚከፈለውም በሰዓት ነው።

ለፍርድ እንዳልቸኩል አንድ ነገር ልጨምር። ሻንጣ ቦታው ውስጥ ዕቃውን ከጣሪያው የሚለይ መጋረጃ ነገር አለ። እሱ ወርዶ ቦታው ላይ ካልገባ ጣሪያው አይንቀሳቀስም፤ ቢኤም ላይ ብቻ ሳይሆን ብዙ ኮንቨርተብሎች ላይ እንደዚህ ነው። ለማንኛውም ሄደህ እሱን አውርድና ሞክር። ከተከፈተ ዲለሩ የሚሸጠውን የማያውቅ ሰው ነው። ካልተከፈተ ውጣ።

እንግዲህ የሚከፈት ጣሪያ አገኘህ እንበል። እንዴት ነው የምታየው?

ሞተሩን አስነሳ፣ ጣሪያው ባትሪ ይበላል። ሬዲዮውን አጥፋ። ሻጩን «እጅህን ኪስህ ከተህ ቁም» በለው፣ በቀልድ መልክ። ይሄን የምልህ ብዙ ሻጮች ጣሪያው ሲዘጋ ጫፉን በእጃቸው ጫን ወይ ገፋ ስለሚያደርጉ ነው፤ የለመዱት ስለሆነ እነሱም አያስተውሉትም፣ አንተ ግን አስተውል። አንዴ ከፍተህ ዝጋ፣ ደግመህ ክፈት፣ ደግመህ ዝጋ፣ ከዚያ እንደገና። አንዴ መሥራቱ ብዙም አይነግርህም። የደከመ ፓምፕ የመጀመሪያውን ዙር ተንገዳግዶም ቢሆን ይወጣዋል፤ ሲሞቅ ነው የሚያቃስተው። ግራና ቀኙ እኩል መነሳት አለባቸው፤ አንዱ ጎን ከቀረ በዚያ በኩል ያለው የዘይት ግፊት ክንድ ደክሟል። ድምፁ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። መሃል ላይ ቆም ብሎ ከቀጠለ፣ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ከሰማህ፣ ዋጋ መደራደር ሳይሆን ሜካኒክ መጥራት ነው የሚያስፈልግህ። ከዚያ የኋላውን ሻንጣ ክፈትና የግራና የቀኝ ጎን ምንጣፉን በእጅህ ዳስስ። ጣትህ ዘይት ይዞ ከወጣ ጣሪያው ደም እየፈሰሰው ነው።

ጨርቁ ላይ ሁለት ቦታ አጥብቀህ እይ። አንደኛው የሚታጠፍበት መስመር ነው፣ በተለይ ከሹፌሩ ጆሮ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ። እዚያ ሁልጊዜ ብረትና ጨርቅ ይፋተጋሉ፣ መጀመሪያ የሚሳሳውም እሱ ነው። ቀን ላይ ውስጥ ገብተህ በር ዘግተህ ወደ ላይ እይ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየችህ ዝናብ ከአንተ ቀድሞ አይቷታል። ሁለተኛው የኋላ መስታወቱ ዙሪያ ነው። መስታወቱ ከጨርቁ ጋር የተያያዘው በሙጫ ነው፣ ሙጫ ደግሞ በፀሐይ ብዛት ይለቃል። ጣትህን በታችኛው ጠርዝ ላይ አስኪደው። ክፍተት ካለ ወይም ጥቁር ሲሊኮን ተለቅልቆ ደርቆ ካገኘህ፣ ቤቱ ውስጥ በራሱ እጅ የጠገነው ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ይሄ በደንብ የሚስተካከለው ጨርቁ በሙሉ ሲቀየር ነው፤ ከነሥራው ከ1,000 ዶላር በላይ፣ እንደ መኪናው ደግሞ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ጨርቁ ከመኪናው ዕድሜ ይልቅ በጣም ጥቁርና አዲስ መስሎ ከታየህ ወይ ተቀይሯል ወይ ተቀብቷል። ከተቀየረ ደረሰኝ አለ። ከተቀባ ነጭ ሶፍት ውሃ ነክረህ ጥግ ላይ ብታሽ ቀለሙ ይመጣል።

ውሃ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ኮንቨርተብል የሚገድለው እሱ ነውና።

ሰው ውሃ የሚገባው ጣሪያው ሲቀደድ ይመስለዋል። አይደለም። ጣሪያው ላይ የሚያርፈው ዝናብ ሁሉ በጎን ወርዶ፣ ከኋላ ወንበሩ አካባቢ በተሠራ ቦይ ተሰብስቦ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው የተሠራው። ቱቦው ጫፍ ላይ ቅጠል፣ የጥድ መርፌ፣ አፈር ይከማችና ይደፈናል። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደምታውቀው በዛፍ የተከበበ ነው፤ ውጭ የምታድር ኮንቨርተብል ቱቦዋን በዓመት አንዴ እንኳ ካልተጠረገች ውሃው መውረጃ ያጣል። ከዚያ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። በምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ይጠጣዋል፤ ላዩ ደረቅ ነው፣ ሥሩ ረግረግ። እዚያ ሥር ደግሞ ሽቦ አለ፣ በአንዳንድ መኪናዎች የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖችም ወንበር ሥርና ሻንጣ ቦታው ጎን ነው የሚቀመጡት። ዝናብ በዘነበ ማግስት «መብራቱ በራሱ በራ፣ ቁልፉ አልሠራ አለ» የሚሉ መኪናዎች ታሪካቸው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር፤ ቱቦውን መጥረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ የበሰበሰ ሽቦ ግን ማለቂያ የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ በሩን ስትከፍት አሽት። ሻጋታ ሽታው ምንጊዜም ይታወቃል። ሽቶ በሽቶ ተደርጎ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ከጠበቀህ ደግሞ የበለጠ ጠርጥር። የእግር ምንጣፎቹን አንሳ። ዋናውን ምንጣፍ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ትንሽ ገለጥ አድርገህ እጅህን እስከ ስፖንጁ ክተት፤ ከፊትም ከኋላ ወንበሩም ሥር። የስኮርት ጎማውን ቦታ ክፈት፤ ውሃ፣ ዝገት፣ የደረቀ ጭቃ መስመር እይ። ሻጩ ከፈቀደልህ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ፣ በቀስታ፣ እንደ ዝናብ፣ ጣሪያው ላይ ውሃ እንዲያወርድ አድርግና አንተ ውስጥ ተቀመጥ። በግፊት ማጠቢያ እንዳታደርገው፣ ጤነኛውም ጎሚኒ በዚያ ያስገባል። የፊት መስታወቱ ሁለት የላይ ጥጎችና የጎን መስኮቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዓይንህን ትከል። አንድ ሁለት ጠብታ በ2008 መኪና ላይ ዓለም አያልቅም፣ ጎሚኒው ይጸዳል ወይም ይቀየራል። ጭንህ ላይ ከፈሰሰ ሌላ ነው።

ውሃ ካነሳን ዘንድ የጎርፍ መኪና ነገር አይታለፍም። አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ፣ በ2017 ሃርቪ ሂውስተንን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ በ2022 ኢያን ፍሎሪዳን ከመታ በኋላ፣ ውሃ ውስጥ የዋሉ መኪናዎች ታጥበው፣ ደርቀው፣ ከስቴት ስቴት ተዘዋውረው፣ በመንገዳቸው ታይትላቸው (የባለቤትነት ወረቀታቸው) ላይ ያለው ምልክት ጠፍቶ፣ ንጹሕ መስለው ለሽያጭ ይቀርባሉ። ኮንቨርተብል ለዚህ ዓይነት ሻጭ ምቹ ናት። ሻጋታ ሸተተህ? «ጣሪያዋን ረስቼ ዝናብ ገባባት» ይልሃል፣ አንተም ታምናለህ፣ ምክንያቱም ይሆናል። ልዩነቱን የምታይበት መንገድ አለ። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተህ አውጣ። ከታች ተጠቅልሎ የሚቀረው ክፍል ላይ የጭቃ ውሃ መስመር ካለ ዝናብ አይደለም። የወንበር ብሎኖች ዝገት፣ የፊት መብራቱ ውስጥ የረጋ ጤዛ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ባለው ሽቦ ላይ ደለል፤ እነዚህም ከጣሪያ አይመጡም። የመኪናዋን መለያ፣ ፊደልና አሃዝ ተቀላቅሎ 17 የሚሆነውን የቪን ቁጥር፣ ኤን አይ ሲ ቢ የሚባለው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አስገባ፤ ተሰርቃ ወይም ጠቅላላ ወድማለች ተብላ በኢንሹራንስ ተመዝግባ እንደሆነ ያሳይሃል። የመኪናዋን ታሪክ የሚዘረዝረውን ካርፋክስ የሚባል ሪፖርትም ግዛ። ዲለር ከሆነ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጥሃል። ካርፋክስ ንጹሕ ነው ማለት ግን መኪናዋ ንጹሕ ናት ማለት አይደለም፤ ለማንም ያልተነገረ አደጋ እዚያ ላይ አይጻፍም።

ከየት እንደመጣችም ጠይቅ። የደቡብ መኪና ዝገት የላትም፣ ግን ፀሐይ ጨርቁንና ቆዳውን በልቶታል፣ ጎርፉም አለ። የእኛ አካባቢና ከዚያ በላይ ያለው የሰሜን መኪና ጨርቋ ያምራል፣ ሥሯን ግን የመንገድ ጨው በልቶት ይሆናል። ኮንቨርተብል ላይ ዝገት ከሌላው መኪና የከፋበት ምክንያት አለ። የጫማ ካርቶን ክዳኑን ካነሳህለት ሲያዝ ይጣመማል አይደል? መኪናም ጣሪያዋ ሲነሳ ጥንካሬዋን የምታገኘው ከወለሏና በበሮቹ ሥር ከሚያልፈው ወፍራም ላሜራ ነው። እሱ ከዛገ የላሜራ ሥራ ብቻ አይደለም፣ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት ነገር እየሄደ ነው። በበሩ ሥር ያለውን ላሜራ በአውራ ጣትህ ተጫነው። ፊኛ የመሰለ ቀለም ወይም የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ተወው። በሮቹንም ቀስ ብለህ ክፈትና ዝጋ፤ በጠርዛቸው ላይ ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ይሁን።

ስትነዳት ጣሪያዋን ከፍተህም ዘግተህም ንዳ። የባቡር ሐዲድ የሚያቋርጥ መንገድ ወይም የተቦረቦረ አስፋልት ፈልግ። ትንሽ መርገፍገፍ ያለ ነው፣ በተለይ ከዚያ ዘመን ባለ አራት መቀመጫ ኮንቨርተብሎች ላይ፤ ሶላራም ከዚህ ነፃ አይደለችም። የውስጥ ስፖኪዮው ከልክ በላይ ከተንቀጠቀጠና በሮቹ ከተንጫጩ ግን ሜካኒኩ ከሥር እንዲያይልህ ንገረው። ከዚያ ሃይዌይ ውጣ። ቤልትዌዩ ላይ፣ ጣሪያው ተዘግቶ፣ ከትልቅ የጭነት መኪና ጎን ሆነህ ከባለቤትህ ጋር ለማውራት ሞክር። ጨርቅ ጨርቅ ነው፣ ድምፅ አለው። ንፋስ ከአንድ ጥግ ብቻ እያፏጨ ከሆነ ግን ጎሚኒው አልገጠመም።

ስለ ሞተሩ ባጭሩ። የሶላራዋ 3.3 ሊትር ቪ6 የታወቀ ጠንካራ ሞተር ነው፣ ግን የታይሚንግ ቺንጋ አለው፣ እሱም በ90,000 ማይል መቀየር አለበት። ያንተዋ 118,000 ላይ ናት። ተቀይሯል? ደረሰኙ የታለ? «ተቀይሯል መሰለኝ» የሚባል መልስ አልተቀየረም ማለት ነው። ከውሃ ፓምፑ ጋር አብሮ የማስቀየሪያውን ዋጋ ጠይቀህ ከ7,200ው ላይ ቀንስ። ቢኤሟ ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው ያላት፣ ሞተሯም ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው የውሃ ፓምፕ በዚህ ማይል አካባቢ ድንገት ሊቆም ይችላል፣ ከቫልቭ ክዳኑና ከዘይት ፊልተር ማቀፊያው ጋስኬት ዘይት ማንጠባጠብም ልማዷ ነው። ስኮርት ጎማ የላትም። ከፋብሪካ ስትወጣ የሚገጠምላት ተንፍሶም የሚሄድ ጎማ ነው፣ ዋጋው ከተራ ጎማ ይበልጣል። ጣሪያዋ ሲታጠፍ ደግሞ 350 ሊትር የነበረው ሻንጣ ቦታ 210 ሊትር ይቀራል። ከአዲስ አበባ ዘመድ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣውን እየገፋ ደለስ ኤርፖርት ሲወጣ ጣሪያ ከፍቼ እቀበለዋለሁ ብለህ ካሰብክ፣ ወይ ዘመዱ ወይ ሻንጣው ታክሲ ይይዛል።

ልጅ ስላለህ ይቺንም አትዝለል። የልጅቷን ወንበር ይዘህ ሂድና ከኋላ ግጠመው። ኮንቨርተብል ላይ ጣሪያው የሚገባበት ቦታ የኋላ ወንበሩን ያጠበዋል፣ በወረቀት አራት ሰው የሚይዘው ሁሉ በእውነት አይይዝም። ሶላራዋ በዚህ በኩል ሰፊ ከሚባሉት ናት። ሚያታማ ሁለት መቀመጫ ብቻ ስላላት ለቤትህ አትሆንም። ቁልፉን ስታዞር የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋቱን እይ፤ ጭራሽ ካልበራ አምፑሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ያም ራሱ ነገር ነው። ቢኤሟ ስትገለበጥ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ብቅ የሚል መከላከያ ብረት አላት፤ ለእሱም ማስጠንቀቂያ በርቶ እንዳይሆን። ደግሞ ያንኑ የቪን ቁጥር ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ በሚባለው የፌዴራል የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገባ፣ ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው ለጥገና የጠራው ጉድለት) ካለ ይነግርሃል። በአሜሪካ ታካታ የሚባል ኩባንያ የሠራቸው 67 ሚሊዮን ገደማ የኤርባግ መንፊያዎች እንዲህ ተጠርተዋል፤ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ተበላሽተው ሲፈነዱ ብረት የሚረጩ ናቸው። የዚያ ዘመን ቢኤሞችም፣ ከ2005 እስከ 2014 ያሉት ፎርድ ማስታንጎችም እዚህ ውስጥ አሉበት። የሚሠራው በነፃ ነው። ሳይሠራ ግን ልጅ አይጫንም።

ወረቀቱ ላይ። ከግለሰብ ስትገዛ ታይትሉ ላይ ያለው ስምና የሰውየው መታወቂያ አንድ ይሁን። «የአክስቴ ልጅ ናት ባለቤቷ፣ አሁን የለችም» ካለህ፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሷ እስክትመጣ ገንዘቡ አንተ ጋ ይቆይ። መኪና በስሙ ሳያዞር የሚነግድ ሰው ሞልቷል፣ በኋላ ችግር ሲመጣ ስሙ የትም የለም። የባንክ ዕዳ ካለባት ባንኩ ውስጥ ተገናኝታችሁ ጨርሱ። ዲለር ከሆነ መስኮቱ ላይ የገዢ መመሪያ የሚባለውን ወረቀት መለጠፍ በፌዴራል ደንብ ግዴታው ነው፤ ዋስትና አለ ወይስ «እንዳለች» ነው የሚለው እዚያ ላይ ተጽፏል። አፉ ያለህን እርሳው፣ የተጻፈውን አንብብ። የሜሪላንድ ኢንስፔክሽን አልፋለች ቢሉህም አትዘናጋ። የኢንስፔክሽኑ ዋና ጉዳይ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራት የመሳሰለው ነው፣ ጣሪያው መታጠፍ አለመታጠፉ ሰነዱን አያስከለክልም። የራስህን ሜካኒክ ከ150 እስከ 300 ዶላር ድረስ ከፍለህ አሳያት። ቶዮታ የሚያውቅ ጎበዝ ሐበሻ ሜካኒክ ሞልቷል፤ ጣሪያውን ግን «አይተህ ታውቃለህ?» ብለህ ጠይቀው። ካላወቀ አያፍርም፣ የኮንቨርተብል ጨርቅ የሚሠራ ቤት ይጠቁምሃል።

ኢንሹራንሱንም ከመግዛትህ በፊት በቪን ቁጥሩ ዋጋ አስወጣ። ጨርቅ ጣሪያ በቢላ ይቀደዳል፤ ሌባው የሚያገኘው የፀሐይ መነጽርና ሳንቲም ቢሆንም አንተ የምትከፍለው የጣሪያ ዋጋ ነው። ውስጥ ምንም አትተው። ማታ መንገድ ላይ የምትቆም ከሆነ ሰፈርህን አስብ።

ወደ ሒሳቡ። ያለህ 9,000 ዶላር ነው። 8,900 ዶላር የምትጠየቅባትን መኪና መግዛት አትችልም፤ ሜሪላንድ ስም ሲዞር ከ6 በመቶ ያላነሰ ታክስ አለው፣ ታርጋ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ከዚያ ያ «ፊውዝ» አለ። ስለዚህ ቢኤሟን ተዋት። ጣሪያዋ ቢሠራ እንኳ በዚህ በጀት እተዋታለሁ። ሶላራዋ፣ ጣሪያዋ ከተከፈተ፣ ምንጣፏ ደረቅ ከሆነና ሥሯ ካልዛገ፣ ጥሩ ምርጫ ናት። የቺንጋው ደረሰኝ ከሌለ 6,300 በላት፣ 6,600 ላይ ብትስማሙ አትጎዳም። ክረምት ስለሆነ ኮንቨርተብል ፈላጊው ጥቂት ነው፣ ኤፕሪል ሲገባ ይሄ ዋጋ አይገኝም፤ ሰውየውም ያውቀዋል። እሷ ካልሆነች ደግሞ አትቸኩል። ሶላራ ኮንቨርተብል እስከ 2008 ብቻ ቢሠራም ገበያው ላይ አሁንም ይገኛል። ማስታንግም አለ። እሱ ላይ የፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳስስ፤ እዚያ ውሃ የሚያስገቡ አሉ።

የባለቤትህ ነገር ቀልድ ብቻ አይደለም። ጣሪያ ሲከፈት ንፋሱ የሚያጠቃው የኋላውን ወንበር ነው፤ ከፊት ያለው ሰው መስኮቶቹን ወደ ላይ ካደረገ ብዙም አይሰማውም። ስለዚህ ፀጉሯ ይተርፋል፣ የሚያስፈራው የልጅቷ ነው። ለሙከራ ስትነዱ ባለቤትህ ከኋላ ትቀመጥ። ከወንበሩ ጀርባ የሚገጠም የንፋስ መከላከያ መረብ አለ፤ ከመኪናዋ ጋር መጥቶ እንደሆነ ሰውየውን ጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል።

ዛሬ ለሰውየው ደውልና በሚሞቀው ቀን ቀጠሮ ያዝ። የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ሶፍት፣ የልጅቷን ወንበር ይዘህ ሂድ። ቅዳሜ ነው የሚመቸኝ ካለህ ሜካኒኩን ቀድመህ አስይዝ፤ ቅዳሜ ጋራዥ ሁሉ ሰው ነው።